አሥራ ሁለቱ ጭልፊቶች፦ የነሐስ አቅላጩ የሱዙኪ ቾኪቺ ሕይወትና ሥራ

እንደምን አመሻችሁ።

ሰምና ወርቅ ሲባል የአብዛኞቻችን ሐሳብ የሚሄደው ወደ ቅኔ ቤት ነው። ቃሉ ግን ቅኔ ቤት ከመግባቱ በፊት የአንጥረኛ ቃል ነበር። አንጥረኛው መስቀሉን መጀመሪያ በሰም ይሠራዋል፤ ሰሙን ጭቃ ያለብሰዋል፤ ጭቃውን እሳት ያሳየዋል፤ ሰሙ ቀልጦ ሲወጣ በለቀቀው ቦታ ወርቁን ወይም ነሐሱን ያፈስበታል። ጭቃው ሲሰበር መስቀሉ ይወጣል። ዛሬ የምናገርለት ሰው የሠራው ይህንኑ ሥራ ነው። የሠራው ግን ጃፓን ውስጥ ነው፤ ከጭቃው ያወጣውም መስቀል ሳይሆን ጭልፊት፣ ንስርና ጣዎስ ነው።

ስሙ ሱዙኪ ቾኪቺ ይባላል። ጃፓኖች የቤተሰብ ስም ስለሚያስቀድሙ ሱዙኪ የቤተሰቡ፣ ቾኪቺ የራሱ ስም ነው። በሙያው ደግሞ ካኮ የሚል ስም ነበረው። የተወለደው በ1848 ሙሳሺ በሚባለው የድሮ ግዛት፣ ዛሬ ሳይታማ በምንለው የቶኪዮ ጎረቤት ክፍለ አገር ነው። ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንደሆነ ያዙልኝ። በአሥራዎቹ መጨረሻ ኦካኖ ቶርዩሳይ ከሚባል የሰም ቅርጽ ባለሙያ ዘንድ ገብቶ አምስት ዓመት ያህል ተማረ።

አምስት ዓመት ለምን እንደሚፈጅ ለመረዳት ሥራውን ከሥሩ ማየት ያስፈልጋል። ብዙ ሰው የነሐስ ሥራ ሲባል በዓይነ ሕሊናው የሚመጣለት እሳቱና የሚፈስሰው ብረት ነው። ማፍሰሱ ግን የደቂቃ ሥራ ነው፤ ትልቅ የሚባለው እንኳ ጥቂት ደቂቃ ነው። የቀረው ሁሉ አፈር፣ ሰምና ትዕግሥት ነው። የሱዙኪን ሕይወት በዚህ ዓይን እንድታዩልኝ ነው የምፈልገው። ነሐሱ ላይ የሚታየው ሁሉ ቀድሞ ሰሙ ላይ ነበረ፤ ሰሙ ላይ ያልነበረውን ነሐሱ ከየትም አያመጣውም።

ከአፈሩ እንጀምር። ጃፓናውያን አቅላጮች «ማኔ» የሚሉት አፈር አላቸው። አሸዋና ሸክላ አፈር ተቀላቅሎ፣ ተጠፍጥፎ፣ ተተኩሶ፣ እንደገና ተወቅጦ በወንፊት የተነፋ ነው። አንዴ እሳት ስለበላ ሁለተኛ እሳት ሲያገኘው አይኮማተርም፣ አይሰነጠቅም። የተነፋው እንደየልመቱ ይለያያል፦ እንደ በርበሬ ዱቄት የላመው ለብቻ፣ መካከለኛው ለብቻ፣ ሻካራው ለብቻ። ማያያዣው «ሃጂሩ» የሚባል በውኃ የቀጠነ የሸክላ ጭቃ ነው። ከተሰበረ ፎርማ፣ ማለትም ነሐሱ ከሚፈስስበት የጭቃ ቅርጽ፣ የተገኘ አፈርም አይጣልም፤ ተወቅጦ ይመለሳል። አዲስ ተማሪ መጀመሪያ የሚሰጠው ሥራ ይኸው መውቀጥና መንፋት ነው። ተማሪውን ማሰቃየት እንዳይመስላችሁ። አንዲት ደቃቅ ጠጠር በላመው አፈር ውስጥ ካመለጠች የጭልፊቱ ዓይን ላይ ጉድጓድ ሆና ትወጣለች።

ቀጥሎ ሰሙ። ንጹሕ የንብ ሰም ብቻውን ለዚህ ሥራ አይመችም፤ ሲሳብ ይበጠሳል፣ ሹል መስመርም አጥብቆ አይዝም። ስለዚህ ከጥድ ሙጫ ጋር አብሮ ይቀልጣል። ልኩ በወቅቱ ይወሰናል። በበጋ ሙቀት ሰሙ እጅ ላይ እንዳይላላ ሙጫው ይበረክታል፤ በክረምት ብርድ ደግሞ ሰሙ እንዳይሰባበር የንብ ሰሙ ይበረክታል። ሙጫው ከበዛ የተሳለው መስመር ጠርዙ ይፈረፈራል፤ ካነሰ ሠሪው ጣቱን ባሳረፈ ቁጥር ቅርጹ ይለወጣል። ሠሪው አጠገቡ ሙቅ ውኃ ያስቀምጣል፤ ሰሙን እያለሰለሰ በስስ ይዘረጋዋል፤ ከዚያ በቀርከሃና በእንጨት መቅረጫ ይስልበታል።

ሰሙ የሚለብሰው ባዶ አየር ላይ አይደለም። መሐሉ የጭቃ ልብ አለ። ከሻካራው አፈር የወፉን አካል የሚመስል፣ ከታሰበው መጠን ትንሽ የቀጠነ ልብ ይሠራና ደርቆ ይተኮሳል። በላዩ ሦስት፣ አራት፣ ቢበዛ አምስት ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ሰም ይለበጣል። የነሐሱ ግድግዳ ውፍረት እንግዲህ ይኸው ነው። እኩል መሆኑ ወሳኝ ነው። አንዱ ቦታ ሦስት፣ ሌላው አሥር ሚሊ ሜትር ከሆነ ስሱ ቀድሞ ይረጋል፣ ወፍራሙ ዘግይቶ ይረጋል፤ ዘግይቶ የረጋው ሲኮማተር የሚሞላው ቅልጥ ስለማያገኝ ውስጡ ይቦረቦራል፣ ፊቱም ይሰረጉዳል። ባለሙያው ግድግዳውን የሚያሳሳው ነሐስ ለመቆጠብ ብቻ አይደለም።

ሌላ አደጋ አለ። ሰሙ ወጥቶ ሲያልቅ ልቡን ይዞ የሚያቆመው ነገር የለም። ነሐስ ከጭቃ እጅግ ስለሚከብድ ሲገባ ልቡን እንደ ቡሽ ሽቅብ ይገፋዋል። ልቡ በሦስት ሚሊ ሜትር ብቻ ከተንቀሳቀሰ አንዱ ወገን ቀዳዳ፣ ሌላው ወገን ድርብ ይሆናል። ይህን ለመከላከል ከሰሙ ዘልቀው ልቡንና የውጭውን ልባስ የሚያያይዙ ካስማዎች ይገባሉ። ከራሱ ከነሐሱ ቢሆኑ ይመረጣል፤ የብረት ካስማ ከዓመታት በኋላ ዝጎ በሥራው ፊት ላይ ቡኒ እንባ ያወርዳል።

ከዚያ ማፍሰሻ አፍና መተንፈሻዎቹ በሰም ዘንግ ተሠርተው ይቀጠላሉ። የጃፓን አቅላጮች ቅልጡን ብረት «ዩ» ይሉታል፤ ሙቅ ውኃ ማለት ነው። ማፍሰሻው «ዩጉቺ» ነው፤ የሙቅ ውኃ አፍ። ቅልጡ ሳይንቦጫረቅ በእርጋታ እንዲሞላ መንገዱን ወደ ታችኛው ክፍል ማድረስ ጥሩ ነው፤ አየሩ እየተገፋ በመተንፈሻዎቹ ይወጣል። የክንፉ ጫፍ፣ የጥፍሩ ጫፍ፣ የመንቁሩ ጫፍ፣ አየር መሸሸጊያ የሚሆን ጫፍ ሁሉ የራሱ መተንፈሻ ካልተበጀለት ባዶውን ይቀራል።

አሁን ልባሱ። የላመው ማኔ በሃጂሩ ተበጥብጦ በብሩሽ ይቀባል፤ ይደርቃል፤ እንደገና ይቀባል። የመጀመሪያው ቅብ ከሁሉም ይበልጣል፤ የላባውን መስመር የሚያትመው እሱ ነው። ብሩሹ የአየር አረፋ ከተወ፣ ያቺ አረፋ በነሐሱ ላይ ትንሽ ኪንታሮት ሆና ትመጣለች። ቀጥሎ የወረቀት ጭረት የተቀላቀለበት ጭቃ ይለበሳል፤ ጭረቱ እንደ ጭድ ሆኖ መሰንጠቅን ይከላከላል። የእኛ ሰው ለግድግዳ ጭቃ ጭድ የሚጨምርበት ምክንያት ከዚህ አይለይም። በላዩ መካከለኛው፣ ከሁሉ በላይ ሻካራው ይደረጋል። እያንዳንዱ ድርብ በጥላ መድረቅ አለበት። ፀሐይ ላይ የተሰጣ ልባስ ላዩ ቀድሞ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ ውስጡ ያለው ሰምም ይለሰልሳል። ለትልቅ ሥራ ይህ ብቻውን ሳምንታት ይወስዳል።

ሰም ማስወጣት ስል ቀላል ይመስላል። የንብ ሰም በ62 እና በ64 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መካከል ይቀልጣል፤ ሲሞቅ ግን ከመቅለጡ በፊትም ሲቀልጥም ያብጣል። መውጫው ሳይከፈት መሐሉ ካበጠ ፎርማውን ከውስጥ ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ ፎርማው አፉን ወደ ታች ተደፍቶ በቀስታ ይሞቃል። ሰሙ ተንጠፍጥፎ ሲያልቅ እሳቱ ቀስ በቀስ ይጨመርና የፎርማው ውስጥ ቀይ እስኪሆን ይተኮሳል። ባለሙያው በአፉ አሻግሮ ያያል። ውስጡ ጥቁር ከሆነ የሰም ጥላሸት አልተቃጠለም ማለት ነው፤ ያ ጥላሸት ነሐሱ ሲገባ ጋዝ ይሆንና ብረቱን ያቦረቡረዋል። እንዲህ ያለውን ቀዳዳ «ሱ» ይሉታል፤ ጎጆ ማለት ነው። ፎርማው ውስጥ እርጥበት ከቀረ ደግሞ ነገሩ የሥራ ብልሽት መሆኑ ይቀርና የሕይወት ጉዳይ ይሆናል። ውኃ እንፋሎት ሲሆን ከ1,600 ጊዜ በላይ ይሰፋል፤ ቅልጥ ነሐስ ሲነካው ይፈነዳል፤ ነሐሱም ሰው ላይ ይረጫል።

ነሐሱ ራሱ ምንድን ነው? ጃፓኖች ለጥበብ ሥራ የለመዱት «ካራካኔ» በዋናነት መዳብና ቆርቆሮ (የጣሪያው ክዳን ሳይሆን ነጩ ማዕድን) ነው፤ እርሳስና አንዳንዴም ዚንክ ይገባበታል። ንጹሕ መዳብ በ1,085 ዲግሪ ይቀልጣል፤ ግን ወፍራም ነው፣ ጋዝ ይጠጣል፣ ስስ ቦታ አይደርስም። ከመቶ አሥር እጅ ያህል ቆርቆሮ ሲገባበት የመቅለጫው ሙቀት ወደ 1,000 ዝቅ ይላል፣ ይጠነክራል፣ ይቀጥናል። ቆርቆሮው ወደ 20 እጅ ከደረሰ እንደ ደወል የሚጮህ፣ እንደ ብርጭቆ የሚሰበር ይሆናል፤ መሮ አያስገባም። እርሳስ ቅልጡ ጥቃቅኑ መስመር ውስጥ እንዲገባ ይረዳል፣ መሮውንም ያቀልላል። ጭሱ ግን መርዝ ነው፤ የዘመኑ ሠራተኞች ያንን ጭስ ያለ መከላከያ ይተነፍሱት ነበር።

ምን ያህል ነሐስ ይበቃል? ሰሙን መዝነው። ነሐስ ከሰም ዘጠኝ እጥፍ ያህል ይከብዳል፤ ሁለት ኪሎ ሰም የፈጀ ወፍ 18 ኪሎ ነሐስ ይፈልጋል። በዚያ ላይ ማፍሰሻውን፣ መተንፈሻውንና የማቅለጫውን ትርፍ ጨምር። ማሳነስ አይቻልም። መፍሰስ የጀመረ ቅልጥ ለአፍታ ከተቋረጠ የቀደመው ፊቱ ይረጋል፤ ተከታዩ ላዩ ላይ ይተኛል እንጂ አይዋሐደውም። የወራት ሥራ በዚያች አፍታ ይጠፋል። ሰሙ ስለቀለጠ የሚመለሱበት ነገር የለም። ጥቃቅኑን ጉድለት በኋላ ቅልጥ ጨምሮ ወይም ሽብልቅ አስገብቶ መጠገን ይቻላል፤ አንገቱ ያልሞላ ወፍ ግን ወደ ማቅለጫው ይመለሳል።

ሱዙኪ ይህን ሁሉ ተምሮ ሲጨርስ የገባበት ዘመን ለአቅላጭ የከፋ ነበር። በ1868 የንጉሠ ነገሥት ሜይጂ መንግሥት ሥልጣን ያዘ። በዚያው ዓመት አዲሱ መንግሥት ቡድሂዝም ሺንቶ ከሚባለው የጃፓን ነባር እምነት እንዲለይ አዘዘ፤ ብዙ ቤተ መቅደሶች ተዘረፉ፣ ፈረሱ። ደወል፣ መቅረዝና የዕጣን ማጤሻ የሚያዝዘው ዋናው ደንበኛ ነጠፈ። በ1876 ደግሞ ሳሙራዮች ሰይፍ እንዳይታጠቁ ተከለከለ። የሰይፉን እጀታና የእጅ መከላከያውን በወርቅና በብር ሲፈለፍሉ የኖሩ ባለ መሮዎች፣ በእጃቸው ሥራ ተወዳዳሪ የሌላቸው ሰዎች፣ ባንድ አዋጅ ሥራ ፈቱ።

በዚሁ ጊዜ መንግሥት የውጭ ምንዛሪ ይፈልግ ነበር። በ1873 በቪየናው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን የጃፓን የእጅ ሥራ ሲወደድ፣ በማግስቱ ዓመት በ1874 ኪሪዩ ኮሾ ካይሻ የሚባል ወደ ውጭ የሚሸጥ ኩባንያ ተቋቋመ። መንግሥት ይደግፈው ነበር፤ ቶኪዮ ውስጥ ባለሙያዎችን ሰብስቦ ያሠራ ነበር፤ በኒው ዮርክና በፓሪስም ቅርንጫፍ ከፈተ። ሱዙኪ የዚህ ኩባንያ የነሐስ ማቅለጥ ክፍል ኃላፊ ሆነ። ዕድሜው ገና ሠላሳ አልሞላም።

በ1878 በፓሪስ ኤግዚቢሽን የቀረበው ትልቁ የዕጣን ማጤሻው ስሙን በአውሮፓ አስጠራው። ከሰው ቁመት የሚበልጥ፣ ጣዎሶች የከበቡት የነሐስ ሥራ ነው። ዛሬ ለንደን በሚገኘው በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ይታያል፤ ሙዚየሙ የገዛው በ1883 ነው። በእኔ ሚዛን ይህ ሥራ የሱዙኪን አቅም እንጂ ዓይኑን አያሳይም። የአውሮፓን ገዢ ለማስደነቅ የተሠራ ነው፤ ጌጥ በጌጥ ላይ ተደርቦ ዓይን ማረፊያ ያጣል። እንደ አቅላጭ ለሚያየው ግን የሚያስገርም ነው። ይህን የሚያህል ነገር ባንድ ጊዜ አይፈስስም። በክፍል በክፍል ይቀረጻል፣ ለየብቻ ይፈስሳል፣ ከዚያ ይገጣጠማል። ነሐስ ሲረጋ በርዝመቱ ከመቶ አንድ ተኩል እጅ ያህል ይቀንሳል፤ አንድ ሜትር የነበረ ሰም 985 ሚሊ ሜትር ሆኖ ይወጣል። ክፍሎቹ እኩል ካልቀነሱ አንዱ ከአንዱ አይገጥምም። የመጋጠሚያው መስመር በላባና በቅጠል ሥር መደበቁ በአጋጣሚ አይደለም፤ ሰሙ ሲሠራ የታሰበበት ነው።

ሱዙኪ በ1882 ከኩባንያው ወጥቶ ራሱን ቻለ። ኩባንያው በ1891 ተዘጋ።

ታላቁ ሥራው የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ያዘዘው ሰው ሃያሺ ታዳማሳ ይባላል። ሃያሺ በ1878 ለዚያው ኩባንያ አስተርጓሚ ሆኖ ፓሪስ ገብቶ እዚያው የቀረ፣ በኋላ የጃፓን ጥበብ ትልቁ ነጋዴ የሆነ ሰው ነው። የተወለደው ታካኦካ ነው። ታካኦካ ማለት በ1611 የግዛቱ ጌታ ሰባት አቅላጮችን አምጥቶ ካሰፈረበት ጊዜ ጀምሮ እስከ ዛሬ የነሐስ ከተማ የሆነ ቦታ ነው። እንግዲህ ሃያሺ ነሐስ ምን ሊሆን እንደሚችል የሚያውቅ ሰው ነበር። ለ1893ቱ የቺካጎ ኤግዚቢሽን ሱዙኪን አሥራ ሁለት ጭልፊቶች እንዲሠራ አዘዘው። ሥራው አራት ዓመት ፈጀ፤ ከሱዙኪ ጋር 24 ባለሙያዎች ተሰማሩበት።

በጭልፊት ማደን በጃፓን የመኳንንት ወግ ነበር። የተገራ ጭልፊት ቤት ውስጥ በመቆሚያ ላይ በገመድ ታስሮ ይቀመጣል፣ ከመቆሚያውም ሥር ያጌጠ ጨርቅ ይንጠለጠላል፤ የድሮ ሠዓሊዎችም ይህንኑ ትዕይንት ደጋግመው ሥለውታል። ሱዙኪ የተነሳው ከዚህ ባህል ነው፤ ሥዕሎቹን ብቻ ግን አላመነም። ሕያው ወፎችን አስቀምጦ አጠና። ከአሥራ ሁለቱ አንዱ ሌላውን አይመስልም። አንዱ ክንፉን ዘርግቶ ሚዛኑን ይጠብቃል፤ አንዱ አንገቱን አዙሮ ያያል፤ አንዱ ወደ ታች አጎንብሶ ያፈጣል። ቁመታቸው የእውነተኛ ጭልፊት ቁመት ነው። መቆሚያዎቹ ላኬር የሚባለው አንጸባራቂ ቅብ የተቀቡ ናቸው፤ እያንዳንዱ ወፍ በገመዱ ታስሯል።

ወደ አንዱ ጠጋ እንበል። የጭልፊት ደረት ላባ ስሱን ሰም ላይ መስመር በመስመር ይሳላል፤ ከየላባው መሐል ዘንግ የሚወጡት ጭረቶች ፀጉር የሚያካክሉ ናቸው። የትኛው መስመር በሰም ላይ፣ የትኛው በኋላ በመሮ ነሐሱ ላይ እንደተሠራ መለየት የሚፈልግ ሰው ጠርዙን ይይ። ሰም ላይ በቀርከሃ የተሳለ መስመር ጠርዙ ትንሽ የዶለዶመ፣ ግራና ቀኙ ለስለስ ብሎ ያበጠ ነው፤ ቀርከሃው ሲያልፍ ሰሙን ወደ ጎን ስለሚገፋው። በመሮ የተቆረጠ መስመር ግን ጥጉ ስለታም ነው፤ መሮው ብረቱን ቆርጦ ያወጣዋልና ብርሃን ሲያርፍበት ይብለጨለጫል። በእንዲህ ያለ ሥራ የሰሙ መስመር ለላባው ልስላሴውን ይሰጠዋል፤ ዓይን ዙሪያ፣ መንቁሩ ጥግና የእግሩ ቅርፊት ላይ ደግሞ መሮው ጥራቱን ይጨምራል። ሰይፍ ሲቀር ሥራ የፈቱት ባለ መሮዎች ዕውቀት እንዲህ ባለ ቦታ ነው የተረፈው።

ቀለሙ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። ከአሥራ ሁለቱ አንዱ ነጭ ጭልፊት ነው፤ ሌሎቹ ከጥቁር እስከ ቡኒና ግራጫ ይለያያሉ። ቀለም ግን አልተቀቡም። ቀለሙ ከብረቶቹ ከራሳቸው የወጣ ነው። ሱዙኪና ባልደረቦቹ ከነሐሱ ጋር ብር፣ ወርቅ፣ ሻኩዶና ሺቡኢቺ ተጠቅመዋል። ሺቡኢቺ ማለት «አንድ አራተኛ» ማለት ነው፤ በስሙ መሠረት ሦስት እጅ መዳብና አንድ እጅ ብር ነው፤ በተግባር የብሩ መጠን ከዚያ ሊያንስም ሊበዛም ይችላል። ሻኩዶ ደግሞ መዳብ ውስጥ ጥቂት ወርቅ የገባበት ነው፤ ብዙውን ጊዜ በመቶ ግራም ከሦስት እስከ አምስት ግራም።

ይህ ሻኩዶ ለእኛ ጆሮ ልዩ ነገር አለው። ተሠርቶ ሲያልቅ ተራ መዳብ ይመስላል፤ ቀይ ነው። ወርቁ የትም አይታይም። በማቅለሚያ ውኃ ውስጥ ሲቀቀል ግን ጥቁር ይሆናል፣ ወደ ሰማያዊና ሐምራዊ የሚያደላ፣ እርጥብ የቁራ ላባ የመሰለ ጥቁር። ጃፓኖች የቁራ ብረት ብለውም ይጠሩታል። መዳቡ ብቻውን ቢሆን በዚያው ውኃ ቀይ ቡኒ ሆኖ ይቀር ነበር። የተደበቀው ወርቅ ራሱን የሚገልጠው በጥቁረት ነው።

መቀቀያው «ኒኢሮ» ይባላል። ለአንድ ሊትር ውኃ ከሦስት እስከ ስድስት ግራም ሮኩሾ፣ ማለትም በባህላዊ መንገድ የተዘጋጀ አረንጓዴ የመዳብ ዝገት፣ እና የዚያኑ ያህል ኮፐር ሰልፌት የሚባል ሰማያዊ የመዳብ ጨው ይገባል። ድስቱ የመዳብ መሆን አለበት። ብረት ድስት፣ ብረት ማንኪያ፣ አንዲት የብረት ሽቦ እንኳ ከገባች ውኃው ይበላሻል፤ ኮፐር ሰልፌት ውስጥ ያለው መዳብ ብረቱ ላይ ይለጠፋል፣ ሥራውም ይዥጎረጎራል። ሥራው መጀመሪያ በከሰል ተፍቆ ይለሰልሳል፤ ከዚያ ቅባቱ እስኪለቅ ይታጠባል፤ ከዚያ በባዶ እጅ አይነካም። የጣት አሻራ ያለበት ቦታ ቀለም አይዝም፤ አሻራው በሥራው ላይ ታትሞ ይቀራል። ከመነከሩ በፊት የተፈቀፈቀ ነጭ ፍጅል ይቀባል፤ ጭማቂው ፊቱን ሸፍኖ ቀለሙ ባንድ ቦታ ቀድሞ እንዳይይዝ ያደርጋል። ከዚያ በመዳብ ሽቦ ተንጠልጥሎ ይገባል፣ ሳያቋርጡ ያንቀሳቅሱታል። ግማሽ ሰዓት ሊበቃው ይችላል፤ ሰዓታትም ሊፈጅ ይችላል። ባንድ ድስት፣ ባንድ ውኃ፣ ባንድ ጊዜ መዳቡ ቡኒ፣ ሻኩዶው ጥቁር፣ ሺቡኢቺው ግራጫ ሆኖ ይወጣል፣ ብሩ ነጭ እንደሆነ ይቀራል።

ለተራው ነሐስ ሌላም መንገድ አለ። የዛገ ብረት ሆምጣጤና ሻይ ውስጥ ሲዘፈዘፍ የሚወጣው ጥቁር ውኃ፣ ድሮ የጃፓን ሴቶች ጥርሳቸውን ያጠቁሩበት የነበረው፣ የሞቀ ነሐስ ላይ በብሩሽ ይቀባል፤ ኡሩሺ የሚባለው የዛፍ ላኬርም ይቀባና በሙቀት ይጋገራል። ብዙ ጊዜ እየደጋገሙ ነው ጥልቀቱ የሚመጣው። ነሐሱ ከመጠን በላይ ከሞቀ ላኬሩ ይቃጠላል፤ ካልሞቀ ይላጣል።

በቺካጎ የጃፓን ሥራዎች ከሥነ ጥበብ ክፍሉ ተመድበው ታዩ። ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ከዚያ በፊት በነበሩት ኤግዚቢሽኖች የጃፓን ነሐስ የሚቆጠረው ከእጅ ሥራና ከሸቀጥ ጋር ነበር። አሥራ ሁለቱን ጭልፊቶች ይዞ የሄደው ሃያሺ የአውሮፓን የጥበብ ገበያ ያውቃልና የሠሪው ስም ጎልቶ እንዲወጣ ፈለገ። እኔ ግን እዚህ ላይ ሃያ አራቱን ባለሙያዎች ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። ሰም የቀረጸ፣ አፈር የነፋ፣ ልባስ የቀባ፣ ማቅለጫውን የጠበቀ፣ በመሮ የጨረሰ፣ ቀለሙን ያበሰለ አለ። ሱዙኪ እንደ ዋና ባለሙያ የሁሉንም እጅ ባንድ ዓይን መራ፤ ይህ ራሱ ትልቅ ችሎታ ነው፤ የነሐስ ሥራ ግን ባንድ ሰው ሆኖ አያውቅም። በዚያው ኤግዚቢሽን የቀረበው፣ በ1892 የተሠራው የነሐስ ንስሩ ዛሬ በቶኪዮ ብሔራዊ ሙዚየም ይገኛል።

በ1896 ሱዙኪ የንጉሠ ነገሥቱ ቤት የጥበብ ባለሙያ ተብሎ ተሾመ። ማዕረጉ በ1890 የተጀመረና ለጥቂቶች ብቻ የሚሰጥ ነበር። በሕይወቱ ያገኘው ከፍተኛው ክብር ይህ ነው። በ1919 ዐረፈ።

በእሱ ዕድሜ ሙያው ከቤት ወደ ትምህርት ቤት ተሸጋግሯል። የቶኪዮ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የማቅለጥ ክፍል ከፍቶ ኦካዛኪ ሴሴይ የሚባል አቅላጭ አስተማሪ አደረገ፤ ቶኪዮ ውስጥ ኡኤኖ መናፈሻ የቆመውን የጦር መሪውን የሳይጎ ታካሞሪን ሐውልት ያፈሰሰው እሱ ነው። ከዚያው ትምህርት ቤት በ1897 የተመረቀው ካቶሪ ሆትሱማ አቅላጭም፣ ባለ ቅኔም፣ የብረት ሥራ ታሪክ አጥኚም ነበር፤ በ1953 የባህል ኒሻን ተሸለመ። ልጁ ካቶሪ ማሳሂኮ ደግሞ በየዓመቱ ኦገስት 6 በሂሮሺማ የአቶም ቦምብ መታሰቢያ የሚመታውን ደወል በ1967 ሠራ። በሰም ሥራው በኩል የሳዶ ደሴቱ ሳሳኪ ሾዶ በ1960 ከሕያው ብሔራዊ ቅርሶች አንዱ ተባለ፤ ይህ ማዕረግ ለሰውየው እጅና ለሚያስተላልፈው ዕውቀት የሚሰጥ ነው። በሱዙኪ ዘመን እንዲህ ያለ ጥበቃ አልነበረም። ገበያው ሲያዝዝ ይሠራ ነበር፤ ገበያው ሲዞር ደግሞ አራት ዓመት ሙሉ ሃያ አራት ሰው የሚቀልብ አልተገኘም።

አሥራ ሁለቱ ጭልፊቶች አሁን በጃፓን ብሔራዊ የዕደ ጥበብ ሙዚየም ይገኛሉ። በ2019 አስፈላጊ የባህል ቅርስ ተብለው ተመዘገቡ። ሙዚየሙ በ2020 ከቶኪዮ ወደ ካናዛዋ ሲዛወር እነሱም አብረው ሄዱ። ከመቆሚያዎቹ ይንጠለጠሉ የነበሩት ጨርቆች አርጅተው ስለጠፉ እንደገና ተሠርተዋል። ወፎቹን ግን የሚያሻቸው አቧራ በለስላሳ ብሩሽ ማራገፍ፣ እርጥበቱን መቆጣጠርና በጓንት መያዝ ብቻ ነው። ነሐስ ባየን ቁጥር እንደ ቤታችን ዕቃ በብራሶ ወልውሎ ማብራት ያምረናል። እዚህ ግን ቀለሙ ያለው ከፀጉር እጅግ በሳሳው የላይኛው ቆዳ ላይ ነው። አንድ ጊዜ በብራሶ የተወለወለ ሻኩዶ ተመልሶ ቀይ መዳብ ይሆናል፤ ላባው ላይ ያለው የቀርከሃ መስመርም አብሮ ይሳሳል።